አንድ ጉድጓድ ስንት ብር ያወጣል?

ባለፈው ሰኔ ወር፣ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና በሚሰጥበት ሰሞን፣ ከማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ተማሪዎቼ ሲገቡ እመለከት ነበር። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ መካከል፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ የሚያህል ጉድጓድ አለ፤ ውኃ ሲሞላበት ከመንገዱ ጋር አንድ ስለሚሆን፣ ሰፈሩን የማያውቅ ሾፌር ሜዳ መስሎት ይገባበታል። አንድ ታክሲም እንዲሁ ገባበት። የተነሣው ጭቃ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬን ከአንገቷ እስከ ጫማዋ አለበሳት። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ የመፈተኛ ካርዷን ከደብተሯ መካከል አወጣችና ጽሕፈቱ አለመልቀቁን አየች፤ «ደህና ነው ቲቸር» ብላኝም ገባች። ፈተናውንም በእርጥብ ልብስ ተፈተነች።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ስለ ጎዳና ያለኝ ዕውቀት እስከዚያ ቀን ድረስ የማንኛውም እግረኛ ዕውቀት ነበር፤ ይኸውም መራገም ብቻ ነው። ነገር ግን የዚያች ልጅ እርጥብ ልብስ ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ጉድጓዱን ማን እንደሚጠግነው፣ በማን ገንዘብ እንደሚጠግነውና ለምንስ እስካሁን እንዳልጠገነው ለማወቅ ፈለግሁ።

በማግሥቱ ከጉድጓዱ አጠገብ ሁለት ልጆች ከፈረሰ አጥር ያመጡትን ድንጋይና አፈር እየሞሉበት፣ ለሚያልፈው ሾፌር ሁሉ እጃቸውን ሲዘረጉ አገኘኋቸው። አንዳንዱ አምስት ብር ይወረውርላቸዋል፤ ሌላው ጡሩንባውን ነፍቶ ያልፋል። በከተማችን ከሚታዩት የጎዳና ማስጠገኛ ገንዘብ መሰብሰቢያ ዘዴዎች ሁሉ እጅግ ቀጥተኛው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ተጠቃሚው በተጠቀመበት ቦታና ሰዓት ይከፍላል፤ ሠራተኛውም ደመወዙን እዚያው ይቀበላል፤ መካከል ላይ መዝገብ ቤትም ጨረታም የለም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ አፈሩ በሚቀጥለው ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል። ልጆቹም ይህን የሚጠሉት አይመስለኝም።

ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንገድ ሥራ አሳልፈዋል፤ መጀመሪያ በአካፋ፣ ኋላ በዳምጠው ላይ፣ በመጨረሻም በፎርማንነት። ሰፈሩ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። ጉድጓዱን አፍጥጬ ስመለከት አይተው ቀረቡኝ።

«ልጄ፣ እሱን ምን ታየዋለህ? ወዲያ ተመልከት» አሉኝ፤ በከዘራቸውም የመንገዱን ዳር ጠቆሙኝ። እዚያ ቦይ እንደ ነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በፌስታል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስና በግንባታ አሸዋ ተሞልቶ ከመሬቱ ጋር ተስተካክሏል፤ ሣርም በቅሎበታል። «መንገዱን የገደለው ይህ ነው። ታክሲው ሬሳውን ነው የሚረግጠው።»

የክረምቱን ዕረፍት በከፊል ከእሳቸው ጋር ሰፈር ለሰፈር በመዞር፣ በከፊልም በማንበብ አሳለፍሁት። አንባቢዎቼ ስለ ጎዳና እንደ እኔ የማታውቁ ከሆነ፣ የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ውኃ እና ክብደት

ጎዳና ሲባል በዓይናችን የሚታየን ጥቁሩ ንጣፍ ብቻ ነው። ነገር ግን አስፋልቱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ማለት ነው፤ ቤቱን የሚሸከመው እሱ አይደለም። ከበታቹ የተፈጨ ድንጋይ አለ፤ ከዚያ በታች ገረጋንቲ አለ፤ ከሁሉም በታች የቦታው አፈር አለ። የመኪናው ክብደት ከላይ ወደ ታች እየተበተነ ሄዶ በመጨረሻ አፈሩ ላይ ያርፋል። አፈሩ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ ይሸከማል፤ ሲርስ ግን እንደ ሊጥ ይሆናል። የአዲስ አበባ ጣጣ ደግሞ እዚህ ላይ ይብሳል። በቦሌ አካባቢና በደቡቡ የከተማው ክፍል ብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይኮማተራል። በላዩ የተኛው ጎዳና በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይወርዳል ማለት ነው።

አስፋልቱ ራሱም ያረጃል። ድንጋዩን አያይዞ የሚይዘው ሬንጅ በፀሐይና በአየር ብዛት እየደረቀ ይሄዳል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማችን ደግሞ ፀሐይ ምን ያህል እንደሚያቃጥል በረባዳ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ሬንጁ ሲደርቅ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል። ይህን ስንጥቅ ማንም አያየውም፤ ውኃ ግን ያየዋል። በስንጥቁ ገብቶ ከታች ያለውን ገረጋንቲ ያረጥበዋል፤ ከላይ ጎማ ሲጫነው ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል፤ ሥሩ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ በአንድ ሌሊት የወደቀ ይመስለናል እንጂ ከወደቀ ብዙ ጊዜው ነው።

ሁለተኛው ጠላት ክብደት ነው። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሣ። እ. ኤ. አ. ከ1958 እስከ 1960 ድረስ አሜሪካኖች በኢሊኖይ፣ ኦታዋ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ለፈተና ብቻ የሚሆን ጎዳና ሠርተው ነበር። የጎዳናው ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የሚመላለሱበትም የጭነት መኪናዎች ክብደታቸው የተለያየ ነው፤ ሾፌሮቹ ወታደሮች ነበሩ። ወታደሮቹ ሌት ተቀን ሲመላለሱ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ አክስል በጎዳናው ላይ አለፈ። ከውጤቱ የወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም መሐንዲሶች ዘንድ ይሠራበታል፤ ይኸውም ጉዳቱ የሚጨምረው በአክስሉ ክብደት ልክ ሳይሆን፣ በግምት ክብደቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ነው የሚል ነው።

ይህን በመስከረም ለተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል አክስል አንድ ቶን ቢሸከምና የአንድ ገልባጭ መኪና አክስል አሥር ቶን ቢሸከም፣ የሁለተኛው ጉዳት የመጀመሪያው ስንት እጥፍ ነው? አሥር ይሆናል ብለው ጮሁ። አሥርን አራት ጊዜ አባዙት ስላቸው አሥር ሺህ ሆነ፤ ክፍሉም ዝም አለ። አሥር ቶን መጫን የሚገባው አክስል አሥራ ሦስት ቢጭንስ? ትርፉ ጭነት ከመቶ ሠላሳ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። እንግዲህ በሌሊት ድንጋይና አሸዋ ቆልሎ ለአውቶሞቢል በተሠራ የሰፈር መንገድ የሚገባው ገልባጭ፣ በአንዲት ሌሊት የስንት አውቶሞቢል ዕድሜ እንደሚበላ አስቡት።

አንድ የክፍል ሥራ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የጎዳናን ነገር ያጠኑ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጎዳና በዕድሜው የመጀመሪያ ክፍል ቀስ ብሎ ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ገደል ይወርዳል። ገደሉ አፍ ላይ ሳይደርስ ስንጥቁን በሬንጅ መድፈን፣ ወይም ሬንጅ ረጭቶ ደቃቅ ጠጠር መበተንና መዳመጥ ርካሽ ነው። ገደሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ቆፍሮ ከሥሩ መሥራት ይጠይቃል፤ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው። የዓለም ባንክ እ. ኤ. አ. በ1994 ባወጣው የልማት ዘገባ፣ በአፍሪካ ባለፉት አሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ለዳግም ሥራ የሚያስፈልገው 45 ቢሊዮን ዶላር በዳነ ነበር ብሎ ጽፏል።

ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ከሆነ ለምን አይሠራበትም? መልሱን ለማግኘት ለተማሪዎቼ ሌላ ጥያቄ አዘጋጀሁላቸው። ቁጥሮቹ ከራሴ ያወጣኋቸው እንጂ የማንም ከተማ ሒሳብ አይደሉም።

አንድ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ጎዳና አለው እንበል። 60ው ደህና ነው፤ 25ቱ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ 15ቱ ፈርሷል። የተሰነጠቀውን አንድ ኪሎ ሜትር ለማደስ 1 ሚሊዮን ብር፣ የፈረሰውን ከሥሩ ለመሥራት 8 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። በየዓመቱ ከደህናው 5 ኪሎ ሜትር ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀው ደግሞ ካልታደሰ 5 ኪሎ ሜትር ይፈርሳል። የማዘጋጃ ቤቱ በጀት በየዓመቱ 41 ሚሊዮን ነው። ምን ይደረግ?

ከክፍሉ አብዛኛው ወዲያው የመለሰው «ከፈረሰው ይጀመር» ብሎ ነው። እኔም በመጀመሪያ ያልሁት ይህንኑ ነበር፤ ማንም ሕሊና ያለው ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ሠሩት። በ40 ሚሊዮን 5 ኪሎ ሜትር ይሠራል፤ በዚያው ዓመት ግን 5 ኪሎ ሜትር ሌላ ይፈርሳል። በሁለተኛው ዓመት 15 ኪሎ ሜትር ፈራሽ አለ። በሦስተኛው 15፣ በአሥረኛውም 15። ከተማው በየዓመቱ ገንዘቡን ሁሉ እያወጣ፣ በየዓመቱም አዲስ ጎዳና እያስመረቀ፣ ካለበት አንዲት እርምጃ አይራመድም።

ከዚያ በተቃራኒው ሠሩት። በመጀመሪያው ዓመት የተሰነጠቀው 25 ኪሎ ሜትር ሁሉ ይታደሳል፤ በቀረው 16 ሚሊዮን 2 ኪሎ ሜትር ፈራሽ ብቻ ይሠራል። ፈራሹ 13 ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት የሚታደሰው በዓመቱ የተሰነጠቀው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ 36 ሚሊዮን ይተርፋል፤ በዚያም 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ፈራሽ ይሠራበታል። በሦስተኛው ዓመት ማለቂያ ፈራሹ 4 ኪሎ ሜትር ነው። በአራተኛው ዓመት ፈራሽ የሚባል የለም፤ 4 ሚሊዮን ብርም ከካዝናው ተርፏል። ገንዘቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው።

ልጆቹ ተደሰቱ፤ እኔም እንደ አስተማሪ ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ያቺ በሰኔ ጭቃ የለበሰችው ተማሪዬ፣ አሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆናለች፣ እጅዋን አወጣች።

«ቲቸር፣ የእኛ ሰፈር መንገድ ከፈረሰው ውስጥ ነው። እኛ እንግዲህ አራት ዓመት እንጠብቅ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ አለኝ ለማለት አልደፍርም። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሒሳቡ ውስጥ በእርጥብ ልብስ የሚፈተን ሰው የለም። አንድ ሹም በፈረሰ ጎዳና ላይ ለሚኖር ሕዝብ «የእናንተን ትተን የእነ እገሌን ደህና መንገድ ሬንጅ እንቀባለን» ብሎ ቢናገር ማን ይሰማዋል? ስንጥቅ ለመድፈን ሪባን አይቆረጥም፤ ፎቶግራፍ አንሺም አይመጣም። አዲስ ጎዳና ግን ይመረቃል። ስለዚህ ሹሙንም ሕዝቡንም አንድ ዓይነት ነገር ይጎትታቸዋል ማለት ነው፤ ገንዘቡም ወደዚያው ይሄዳል።

እኔ የደረስሁበት ይህ ነው፤ መጠበቅ ግድ ከሆነ፣ የሚጠብቀው ሰው ተራው መቼ እንደሆነ ይነገረው። የየሰፈሩ መንገድ በስም ተመዝግቦ፣ በየትኛው ዓመት እንደሚሠራ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። እስከዚያም ድረስ ቢያንስ ቦዩ ይጠረግለት፣ ጉድጓዱ በገረጋንቲ ተሞልቶ ይዳመጥለት። ይህን ለልጅቱ ነገርኋት። «ይለጠፍ ይሆናል» አለች፤ ከዚያ በላይ ምንም አልተናገረችም።

ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል?

የመንገድ ሥራ በአገራችን ከጥንትም በጉልበት ወይም በብድር ሲሠራ የኖረ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ አንድ በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ ከባሕር ማዶ አስመጥቶ አዲስ አበባ ሲያስገባ፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ ስም አወጣለት። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በቆዩበት ጊዜ ለጦራቸው ሲሉ ብዙ ጎዳና ዘረጉ። እነርሱ ከወጡ በኋላ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ከጎዳናው አብዛኛው ጠጋኝ አጥቶ ተበላሸ። በ1943 ዓ. ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውም፣ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ የሆነው 5 ሚሊዮን ዶላር የመጣውም፣ ዋናው ምክንያት አዲስ ለመሥራት ብቻ ሳይሆን የተሠራውን ከሞት ለማስነሣት ነበር። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ከሰባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የጥገና ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ በሕግ የጸናው በ1989 ዓ. ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጎዳናውን የሚጎዳው መኪና ነው፤ መኪና ያለ ነዳጅ አይሄድም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተጨምሮ ገንዘቡ ለጥገና ብቻ ይዋል። ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ለአገር አቋራጩ ጎዳና፣ ቀጥሎ ለክልሎች፣ ትንሹ ለከተሞች እንዲሆን ተደረገ። በ1990 ዓ. ም. የአዲስ አበባ ከተማ የራሱን የመንገዶች ባለሥልጣን ሲያቋቁምም፣ ለከተማው ጎዳና የሚሆነው ዋናው ገንዘብ ከከተማው ከራሱ ገቢ መምጣት ነበረበት።

ለአንድ ሥራ ብቻ የተለየ ገንዘብ ግን የጎረቤት ዓይን አያጣውም። እንግሊዞች እ. ኤ. አ. በ1909 ከነዳጅና ከመኪና ግብር የሚጠራቀም የጎዳና ማሻሻያ ገንዘብ በሕግ አቋቁመው ነበር፤ እ. ኤ. አ. በ1926 ግን የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል የበጀት ቀዳዳ ሲያስጨንቃቸው እጃቸውን ከዚያ ሣጥን አገቡ። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስም ገንዘቡን አላዳነውም።

የእኛ ሣጥን የገጠመው ፈተና ከዚህ የተለየ ነው። በ2016 ዓ. ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪኖች በጎዳናው ላይ እየበዙ ነው። ለሳንባችንና ለውጭ ምንዛሪያችን መልካም ነገር ነው፤ እኔም በሐሳቡ እስማማለሁ። ነገር ግን መኪናው ባትሪውን በቤቱ ሶኬት ሲሞላ ለጎዳናው አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ከነዳጅ ሊትር ይሰበሰብ የነበረው ገንዘብ እየቀነሰ ሲሄድ ምን ይተካው? አንዳንድ አገሮች በዓመት በሚከፈል የሠሌዳ ማደሻ ላይ ይጨምራሉ፤ አንዳንዶች በተኬደው ኪሎ ሜትር ያስከፍላሉ። እንደ እኔ አስተያየት ግን ከላይ ያየነው የአራት ጊዜ ብዜት ደንብ ሊረሳ አይገባም። በኤሌክትሪክ የምትሄድ አውቶሞቢል በባትሪዋ ምክንያት ጥቂት ብትከብድም፣ ጎዳናውን የሚሰብረው እርሷ አይደለችም፤ ከሚገባው በላይ የሚጭነው ገልባጭ ነው። ሚዛን በየበሩ ቢቆም ከግብር ይበልጥ ጎዳና ያድናል ብል ማጋነን አይሆንም። ይህን ስል ጋሼ ሳቁ፤ «ሚዛኑ ላይ የሚቆመውን ሰው ደግሞ ማን ይመዝነዋል?» አሉኝ።

ዝናብና ሐምሌ አንድ

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ገረመኝ። የመንግሥታችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። የአዲስ አበባ ዝናብ የሚበረታውም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ትኩስ አስፋልት በእርጥብ መሬት ላይ አይነጠፍም፤ ቢነጠፍም አይዝም። ስለዚህ ገንዘቡ በእጅ ሲገባ ሰማዩ ይዘጋል። ሰማዩ በመስከረም መጨረሻ ሲከፈት ደግሞ ጨረታ ይወጣል፤ ጨረታ ይከፈታል፤ ቅሬታ ይሰማል፤ ውል ይፈረማል። በዚህ መካከል ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ማለት የዓመቱ ከሁሉ የተሻሉት የሥራ ወራት፣ እንደ ዋዛ ያልፋሉ። መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ አለ። ግንቦት ሲሆን በጀቱ ሳያልቅ ይሠራ የሚል ጥድፊያ ይመጣል፤ በጥድፊያ የተነጠፈውን ሰኔ ይቀበለዋል።

ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ እንደ ቀልድ ነበር፤ «እኛ ሬንጅ የምናፈላው ደመና ሲመጣ ነው» አሉ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ ያውም ለማቃናት ከሁሉ ይልቅ ርካሹ ነው። ጨረታው በሚያዝያና በግንቦት ተጠናቆ፣ ውሉ ሐምሌ ላይ ተፈርሞ፣ ክረምቱ ድንጋይ ለመፍጨትና ዕቃ ለማከማቸት ቢውል፣ መስቀል እንዳለፈ ዳምጠው መንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል። የቦይ ጠረጋ ደግሞ ለብቻው፣ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይመጣ መፈጸም አለበት። አካፋና ጋሪ ጨረታ አያስፈልጋቸውም።

ለዚህ ሁሉ መጀመሪያው መዝገብ ነው። የታመመውን ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች እ. ኤ. አ. በ1970ዎቹ ለአውሮፕላን ማረፊያና ለጎዳና የሚሆን የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ አውጥተዋል፤ አንድ ሰው በእግሩ እየሄደ የስንጥቁን፣ የጉድጓዱንና የመስመጡን ዓይነትና ስፋት ይመዘግባል፤ ከዚያ ለጎዳናው ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል። ልክ እንደ ፈተና ነው። ዛሬ በመኪና ላይ በተገጠመ ካሜራ ይህን በፍጥነት የሚሠሩ አሉ፤ ነገር ግን ዋናው መሣሪያ እግርና እርሳስ ነው። ተማሪዎቼ በአንድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን ዙሪያ ያለውን መንገድ እንዲህ አድርገው ጻፉት። ከጉድጓዶቹ አብዛኞቹ የተገኙት ቦይ በተደፈነበት ወይም አስፋልቱ ለቧንቧ ተቆርጦ በቆየበት ቦታ ነበር።

ስለ መቁረጡ አንድ ቃል ልጨምር። በሰፈራችን አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ሦስት ወር ሳይሞላው ለውኃ መስመር ሲቆረጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ ሳይደፈን ደግሞ ሌላ መጥቶ ለስልክ ሽቦ ከጎኑ ቆረጠ። ሁሉም የሚቆፍሩት ለእኛው ጥቅም ነው፤ ግን አንዱ የሌላውን ዕቅድ አያውቅም። የተቆረጠ አስፋልት ምንም ያህል ቢደፈን የድሮው አይሆንም፤ መገጣጠሚያው የውኃ በር ሆኖ ይቀራል። በዚህ በኩል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመኖች የሙያ እርዳታ በከተሞቻችን የተስፋፋው ኮብልስቶን ብልጫ አለው። ለብዙ ወጣት እንጀራ ከመሆኑም ሌላ፣ ድንጋዩ ተነቅሎ ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። ተመልሶ ሲነጠፍ ግን በመጀመሪያው እጅ ሳይሆን ቧንቧ በቀበረው ሰው እጅ ስለ ሆነ፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ ሳይዳመጥ ይቀርና ጀርባው የጎበጠ በቅሎ ይመስላል።

የትምህርት ቤታችን ጉድጓድ በኅዳር ተደፈነ። ሁለት ሠራተኞች በአንዲት ፒክአፕ መጡና ጥቁር ነገር ሞልተውበት፣ በአካፋ ጀርባ ደብድበው፣ በፒክአፑ ጎማ ተመላልሰውበት ሄዱ። እኔ ደስ ብሎኝ ጋሼን ጠራኋቸው። ዳር ዳሩን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ጠርዙን በአራት ማዕዘን ቆርጠው ደህናው ድረስ መድረስ ነበረባቸው። አላደረቁትም፤ አልጠረጉትም፤ ከሥሩ ሬንጅ አልቀቡትም» አሉ። ከዚያም ወደ ቦዩ ዞሩ። ሣሩ እንደ በቀለ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር ቦዩን ለመጥረግ ተሰበሰብን። አካፋ ይዘው ከመጡት መካከል ያቺ ስለ አራት ዓመቱ የጠየቀችኝ ልጅ ነበረች፤ ሰፈሯ ግን ከዚያ ሩቅ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ በር ሊጀምሩ ሲሉ ጋሼ አስቆሟቸው። «ከታች ጀምሩ፤ መውጫ ሳታበጁለት ከላይ አትክፈቱት» አሉ። ከታች ጀመሩ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሥራው ወደ በሩ ደረሰ፤ ከጭቃው ሥር የተጠረበ ድንጋይ ግድግዳ ወጣ፤ ከልጆቹ አንዳቸውም ቀድሞ አይተውት አያውቁም። ያወጣነውን ቆሻሻ ቦዩ አፍ ላይ እንዳንከምረው ስለ ነገሩን ወዲያ ማዶ ከመርነው። የሚያነሣው መኪና እስከ ማክሰኞ አልመጣም ነበር።